ዋጋ የማይጠየቅበት ገበያ

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ ሕይወት ነጸብራቅ ነው የሚለው አባባል በየመድረኩና በየመማሪያ ክፍሉ ስለተደጋገመ ዛሬ የሚጠራጠረው የለም። ይሁን እንጂ አንድ ነጸብራቅ ምን አሳይቶ ምን እንደሚያስቀር ቆም ብለን የምንመረምረው ከስንት አንዴ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሚቀሩት ነገሮች አንዱን አንስቶ ማየት ነው፤ ይኸውም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በትንንሽ ከተሞቻችን ይካሄድ የነበረው የዕለት ተዕለት ግብይት በድርሰታችን፣ በተውኔታችንና በሥዕላችን ውስጥ የያዘው ቦታ ነው።

ገበያ በሥራዎቻችን ውስጥ የለም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ሞልቷል። በመድረክ ላይ ቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች እየጨፈሩ ይወጣሉ። በሸራ ላይ በርበሬው ቀልቶ፣ አህያው ቆሞ፣ ጥላው ተዘርግቶ ይታያል። በልቦለድ ውስጥ ወጣቱ ወጣቷን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያት በቅዳሜ ገበያ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የጠፋው ዋጋ ነው። ማን ምን አመጣ፣ በስንት ጠየቀ፣ በስንት ሸጠ፣ የጎደለውን ከማን ተበደረ የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሳም። ገበያው ቀለምና ጫጫታ ሆኖ ይቀራል፤ የሰዎች ግንኙነት ሆኖ አይታይም።

ሂሱን ከራሴ ብጀምር ይሻላል። ከዓመታት በፊት በድሬዳዋ የመጀመሪያ ዘመን ላይ የተመሠረተ አንድ ተውኔት ጽፌ ለመድረክ አብቅቼ ነበር። በሁለተኛው ገቢር ትልቅ የገበያ ትዕይንት አለ፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቅቤ ሻጭ ናት። ልብሱ ተጠንቶበታል፣ ዘፈኑም ተደክሞበታል። ትርኢቱ ሲያበቃ ዕድሜያቸውን በጉሊት ያሳለፉ አንዲት እናት ቀረብ ብለው፣ «ደስ ይላል ልጄ፤ ግን በዚያ ሁሉ ገበያ ውስጥ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም» አሉኝ። እኔም፣ «እማማ፣ ታሪኩ እኮ ስለ ፍቅር ነው» አልኳቸው። «እሱስ ይሁን፤ ልጅቷ ግን ሳትሸጥ ዋለች። ማታ ምን ይዛ ነው ቤቷ የምትገባው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ተውኔቱም መልስ አልነበረውም፤ ምክንያቱም ልጅቷ ማታ ምን ይዛ እንደምትገባ ሳላውቅ ለማን ልቧን እንደምትሰጥና ለማን እንደምትነፍግ የማወቅ መብት አልነበረኝም።

ይህ ጉድለት የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጽሔት የሚበቃ ጉዳይ ባልሆነ ነበር። ነገሩ የሚያስገርመው የዘመናዊ ድርሰታችንን መሠረት ከጣሉት ሰዎች መካከል ገበያን ከሹመት ወንበር ሆነው ያዩ መኖራቸውን ስናስታውስ ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልቦለድ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነጋድራስ ነበሩ። በኤኮኖሚ ረገድ የመጀመሪያውን ጥልቅ የአማርኛ ጥናት ያበረከቱት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም ነጋድራስ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔና ድምፃዊ ተሰማ እሸቴም ይህንኑ ማዕረግ ይዘው እናገኛቸዋለን። ነጋድራስ ማለት ቀድሞ የነጋዴዎች አለቃ፣ የቅፍለት መሪ ማለት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ግን ቀረጥ የሚያስከፍልና በነጋዴዎች መካከል የሚነሳውን ክርክር የሚዳኝ የመንግሥት ሹም ሆኗል። ከሦስቱ ሁለቱ፣ አፈወርቅና ገብረ ሕይወት፣ በተለያየ ጊዜ በዚያችው በድሬዳዋ ነጋድራስነት ተሾመዋል። እንግዲህ የልቦለዳችን አባትና የኤኮኖሚ ጥናታችን አባት የአንድ ከተማን ቀረጥ ተቀብለዋል ማለት ነው። ታዲያ ገበያው በድርሰታችን ውስጥ ድምፅ እንዴት አጣ?

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውን የአፈወርቅን «ልብ ወለድ ታሪክ» ወይም በተለምዶ «ጦቢያ» የምንለውን ሥራ እንመልከት። የታሪኩን መንኮራኩር የሚያንቀሳቅሰው የንግድ ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጦርነት የተማረከውን አባት በገንዘቡ ነጻ የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ልጁ ዋሕድ ከቤቱ ወጥቶ የሚሄደው ያን ባለውለታ ፈልጎ ብድሩን ለመመለስ ነው፤ በመንገድም ራሱ ተይዞ ይሸጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ልቦለዳችን ውስጥ ሰው በገንዘብ ይፈታል፣ ሰው በገንዘብ ይሸጣል፣ ሰው በዕዳ ምክንያት ይሰደዳል። ይህ ትልቅ ርእስ ነው፤ ደራሲውም የሚመሰገኑበት ነው።

ነገር ግን ሁለቱን የንግድ ገጽታዎች ጎን ለጎን ስናያቸው አንደኛው የቸርነት፣ ሌላው የጭካኔ ምሳሌ ሆነው እናገኛቸዋለን። በመካከላቸው ያለው ሰፊ ዓለም፣ ማለትም ሁለት ክንድ አቡጀዲ ለመግዛት ቡናዋን የምታስመዝነው ሴት፣ ትርፉን በልቡ የሚያሰላው ባለሱቅ፣ በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ደላላ፣ ወደ ታሪኩ አይገቡም። ቸሩ ነጋዴ ገንዘቡን ከየት አመጣው ብለን እንድንጠይቅ አንጋበዝም። ደራሲው በዚያው ዓመት ባሳተሙት በአማርኛና በፈረንሳይኛ በተጻፈው የመንገደኞች መምሪያ ውስጥ ሹሙና ወታደሩ በባላገሩ ላይ ስለሚያደርሱት በደል በግልጽ ጽፈዋል፤ ዐይናቸው ያያል፣ ብዕራቸውም ይደፍራል። ልቦለዳቸው ግን የተጻፈው የድሬዳዋን ወንበር ከመያዛቸው በፊት ነው፤ ከያዙት በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ልቦለድ አላሳተሙም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር፣ በጉምሩክ በር ተቀምጦ ያየውን በልቦለድ የነገረን ሹም አላገኘንም።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በተቃራኒው ዋጋን የነገሩ ሁሉ ማዕከል አድርገውታል። በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ሀብት ሁሉ ከሥራ እንደሚመነጭ ያስረዳል። ዕውቀት ያልተስፋፋበት ሕዝብ ብዙ የደከመበትን ዕቃ ጥቂት ለተደከመበት ዕቃ እየለወጠ እንደሚደኸይም ያሳያል። ይህ ትንተና ዛሬም ቢሆን መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊያነቡት የሚገባ ነው። ሆኖም መጽሐፉ የጥናት መጽሐፍ ነውና በውስጡ ሕዝብ እንጂ ሰው አናገኝም። አፈወርቅ ሰውን ያለ ዋጋ፣ ገብረ ሕይወት ዋጋን ያለ ሰው ጽፈውልናል። ሁለቱን ማገናኘት ከእነሱ በኋላ የመጣው ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ድርሻ ነበር። ይህን ድርሻ አልተወጣነውም፤ ይልቁንም ቅርጫቱን ተሸክመን ጨፈርን።

«የሰምና ቆቡ ግብይት ድራማ አይሆንም፤ ተመልካች ይሰለቻል» የሚል ተቃውሞ ከጓደኞቼ ሰምቻለሁ። ይህን ተቃውሞ በድሬዳዋ ምሳሌ ልፈትነው። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን መውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ ግን በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ። በዚያ ሜዳ ላይ ከተማ በቀለች። ኩባንያው በገንዘብ ችግር፣ መንግሥታቱም በጥቅም ሽኩቻ ተይዘው ስለነበር ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ለዓመታት ድሬዳዋ የባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ሆና ቆየች፤ ከባቡር የወረደው ዕቃ በግመልና በበቅሎ ወደ መሐል አገር ይጫናል፣ ከመሐል አገር የመጣው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና ዝባድ ወደ ባቡር ይወጣል። የደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን በቀያሽ የተቀየሰው የባቡር ሠራተኛውና የፈረንጁ ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ። መጋላ በሐረሪ ቋንቋ ገበያ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ከተማ ማለት ነው፤ የአካባቢው ሕዝብ ከተማንና ገበያን በአንድ ቃል መጥራቱ ለደራሲ ትንሽ ፍንጭ አይደለም።

በዚህች ከተማ አንዲት ሴት ቡና ጭና ከደጋ ወረደች እንበል። የመጀመሪያው ገቢር ሚዛን ነው። ቡናው የሚመዘነው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሚዛኑ ግን የገዢው ነው። ሴትየዋ የገዢውን ቋንቋ ስለማታውቅ ደላላ ያስፈልጋታል፤ ደላላው የማን ወገን እንደሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻው አታውቅም። ይህ ብቻ አንድ ሙሉ ትዕይንት አይወጣውም?

ሁለተኛው ገቢር ገንዘብ ነው። የምትቀበለው ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበትና ንግሥቲቱ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በኋላም 1780 የሚል ዓመት እየተጻፈበት ይቀረጽ የነበረ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው ብር አስቀርጸው ነበር፤ ገበያው ግን ለረጅም ጊዜ የለመደውን አልለቅም አለ። ሻጭ ብሩን ተቀብሎ ያገላብጠዋል፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች ይቆጥራል፤ የተፋቀ ከሆነ ይመልሳል። አንድ ብር ደግሞ ለዕለት ጉርስ ትልቅ ገንዘብ ስለሆነ ዝርዝር ያስፈልጋል። በብዙ የአገራችን ክፍሎች አሞሌ ጨው፣ አንዳንዴም የጠመንጃ ጥይት ዝርዝር ሆኖ አገልግሏል። ጥይት በሽንኩርት የሚመነዘርበት ገበያ ስለ ዘመኑ ሥርዓት ከብዙ ንግግር ይልቅ አይናገርምን?

ሦስተኛው ገቢር ሴትየዋ በተቀበለችው ብር የምትገዛው ነው። ከአረብ ቤት አቡጀዲ ትገዛለች። ጨርቁ መጀመሪያ ከአሜሪካ፣ በኋላ በይበልጥ ከጃፓን የመጣ ነው። የባለሱቁ ክንድ ረጅም ይሁን አጭር፣ ጨርቁ በዚያ ክንድ ይለካል። በዚያው መንደር ያለው ሸማኔ ግን ፈትሉ እጁ ላይ ቀርቷል። የጨርቁ ዋጋ ዝቅ ሲል ሴትየዋ ትደሰታለች፤ ጎረቤቷ ሸማኔ ይከስራል፤ ሁለቱም አልበደሉም። ክፉ ሰው ሳይኖር ክፉ ነገር የሚደርስበት ሁኔታ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? እኛ ግን ነጋዴ በመድረክ ላይ ሲወጣ ሆዱን እናስተልቅና ክፉ ሳቅ እናስቀዋለን፤ ተመልካቹም ባለሆዱን ጠልቶ፣ ሸማኔውን ምን እንዳከሰረው ሳይረዳ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ወደ ሰሜንና ወደ መሐል አገር ከተሞች ብንሻገርም ቁሱ አይጎድልም። ሸክላ ሠሪዋ እንስራዋን ይዛ ገበያ ትወጣለች። ገዢዋ በዚያ እንስራ ውሃ ቀድታ ትጠጣለች፤ ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ግን እህል አትቀምስም፤ ልጇንም ከዐይኗ ትሸሽጋለች። የሚያስፈራው ዐይኗ ነው፣ የሚፈለገው እጇ ነው። ይህ ጭቆና በአዋጅ ሳይሆን በየሳምንቱ ገበያ፣ በአንድ እንስራ ዋጋ ክርክር ውስጥ ይገለጽ ነበር። ስለ እኩልነት የሚጻፍ ተውኔት ከዚህ ትዕይንት ቢነሳ ከመፈክር ይድናል።

ከዚህ በመነሳት ለሙያ ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የገበያ ትዕይንት የሚጽፍ ሰው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሦስት ቁጥር ይመዝግብ፤ የጠየቀውን፣ የተቀበለውን፣ ያለበትን ዕዳ። ሦስቱ ቁጥሮች በመድረክ ላይ ባይነገሩም በተዋናዩ እጅና ዐይን ላይ ይታያሉ። ሠዓሊም ገበያን ሲስል ከጥላውና ከበርበሬው በተጨማሪ ገንዘብ የሚቆጥረውን ጣት ይመልከት። መምህራን «ጦቢያ»ንና «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን በተለያየ ክፍለ ጊዜ፣ አንዱን ለቋንቋ ሌላውን ለታሪክ፣ ከመስጠት ይልቅ ጎን ለጎን ቢያስነብቡ ተማሪው የሁለቱን ጉድለትና ብልጫ በራሱ ያገኘዋል። የባህል ኃላፊዎችም የገበያ ትዕይንት ያለበትን ሥራ ሲገመግሙ የዘፈኑን ድምቀት ብቻ አይመዝኑ።

ተውኔቴን እንደገና እየጻፍኩት ነው። በአዲሱ ረቂቅ ቅቤ ሻጯ ከጠየቀችው በታች ትሸጣለች፤ ከምትቀበለውም ላይ ለደላላ ይቀነሳል፤ ወደ ቤቷ የምትመለሰው የወንድሟን ዕዳ ግማሽ ይዛ ነው። አፍቃሪዋ በዚያ ምሽት መጥቶ ሲያነጋግራት የምትመልስለት መልስ በፊት ከጻፍኩት ጋር አንድ አይደለም። የዱሮው መልስ ይበልጥ ያምር ነበር። የአሁኑ ግን የእሷ ነው።