ዝናብ የበላው ቀን

ባለፈው ክረምት ለለቅሶ ገራዶ ወርጄ ነበር። መቼም ለቅሶ ቤት ሰው ቀስ እያለ ከሟች ወደ ኑሮ ይዞራል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ግንበኛና የእህታቸው ልጅ ክርክር ገጠሙ። ልጁ በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ተምሮ፣ ደሴ ላይ በሚሠሩ ሕንፃዎች በቀን 500 ብር መስመር ይዘረጋል። አሁን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ድርጅት በወር 8,000 ብር የአንድ ዓመት ኮንትራት ፈርም ብሎታል።

«500 በ26 ቀን ስንት ነው?» አሉት አጎትየው።

«13 ሺህ።»

«ታዲያ ለ8 ሺህ ብር ፊርማ ምን አስቸኮለህ? ደመወዝተኛ ለመባል ነው?»

«አንቱ ደግሞ! 26 ቀን የሠሩበትን ወር ይንገሩኝ እስቲ» አለና ከኪሱ አንዲት ደብተር አወጣ። የሠራበትን ቀን ሁሉ ጽፎ ኖሯል። ሲሚንቶ የጠፋበት፣ ባለቤቱ ገንዘብ ያለቀበት፣ ዝናብ የጣለበት፣ በዓል የሆነበት ሲወጣ በዓመቱ የቀረው 140 ቀን ነው። 70,000 ብር ማለት ነው። ኮንትራቱ በዓመት 96,000 ይሆናል። ግብሩና የጡረታው 7 በመቶ ተቆርጦ እንኳ ከ70 ሺህ አያንስም። በዚያ ላይ አሠሪው ለጡረታው በየወሩ 11 በመቶ፣ ማለትም 880 ብር ይጨምርለታል።

አጎትየው የዋዛ ሰው አይደሉም። «የ2014ቱን ረሳኸው? ያኔ ፊርማ ማንን አዳነ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ስንቱ ወጣት ተስፋ አድርጎ ነበር! በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ዕድል አስወጣች። ያን ጊዜ ብዙ ደመወዝተኛም እንደ ቀን ሠራተኛው ቤቱ ቁጭ አለ። ስለዚህ ኮንትራት አለት ነው ብሎ የሚምል ካለ እኔ አብሬው አልምልም።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም የሚከራከሩት በብሩ ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ማንም አላነሣም። ልጁን ወረቀቱን አሳየኝ አልኩት። ሥራው የፋብሪካ ማሽን ጥገና ነው። «ማሽኑ ከዓመት በኋላ ይነቀላል እንዴ?» አልኩት። «ኧረ ሁሌም ይሠራል!» አለኝ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፦ የቀረን ሠራተኛ ለመተካት፣ ለወቅታዊ ሥራ፣ ድንገት ለበዛ ሥራና ለመሳሰለው። ዓመቱን ሙሉ ለሚዞር ማሽን ጠጋኙን በየዓመቱ «አዲስ» እያሉ ማስፈረም ሕጉን በጓሮ በር መውጣት ነው። አሠሪዎቻችን ይህን ልማድ አድርገውታል፤ እኛም «ኮንትራት ነው» ሲሉን አሜን ብለን ተቀብለናል።

ቀን ሠራተኛውስ? የባሰው እሱ ነው። ግንበኛው ካቻምና ደሴ ላይ ከመወጣጫ ወድቀው ሁለት ወር ተኝተዋል። አሠሪያቸው ለወጌሻ ጥቂት ብር ሰጥቶ ከዚያ ወዲያ አልታየም። «የቀን ሰው ነኝ፤ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» አሉኝ። ሕጉ ግን በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው ይላል። ዋናው በሰውየው ሥር ተቀጥሮ መሥራት ነው እንጂ ሂሳቡ በቀን ይሁን በወር አይደለም። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም መብት አያስቀርም። ይህን የነገራቸው አልነበረም። ጊዜውም አለፈ።

አዲስ አበባ በቀን ሂሳብ የሚሠሩ ሌሎች ሰዎች አውቃለሁ፤ አማካሪ ይባላሉ። እነሱ የቀን ዋጋቸውን ሲናገሩ ሥራ የሚያጡበትን ወር፣ የሚታመሙበትን ሳምንት፣ የእርጅናቸውን ጡረታ ሁሉ ውስጡ ከትተው ነው። እኛም ሳንከራከር እንከፍላለን። ግንበኛው ግን የሚጠይቀን የዚያችን ቀን ምሳና እራት ብቻ ነው፤ በዚያችም ላይ እንከራከራለን። የቀን ሂሳብ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው ሥራ የጠፋበትን ቀን ሳይሸከም ሲቀር ነው።

ሌላውን ብቻ ወቅሼ እንዳልታለፍ የራሴንም ልናገር። አምና አጥሬን ሳስገነባ ከቀትር በኋላ ዝናብ ጣለ። ሁለቱ ሠራተኞች በረንዳዬ ላይ ቆመው አሳለፉት። ማታ የግማሽ ቀን ሂሳብ ሰጠኋቸው። አልተናገሩም። እኔ የወር ደመወዝተኛ ነኝ፤ ዝናብ ስለጣለ ተቆርጦብኝ አያውቅም። ጉንፋን ቢይዘኝ የሕመም ፈቃድ አለኝ፤ በዓመት የዕረፍት ቀኔ ይጠበቅልኛል። እነሱ ቆመው የዋሉት በእኔ በረንዳ፣ ለእኔ አጥር ነበር።

ልጁን ፈርም አልኩት፤ ግን የውሉን ቅጂ ሳትይዝ እንዳትወጣ፣ ደብተርህንም እንዳትጥል፣ «ለምን አንድ ዓመት ብቻ?» ብለህ ጠይቅ አልኩት። «ከጠየቅኩ አይቀጥሩኝም» አለ። እሱም እውነት ነው፤ ብቻውን የሚጠይቅ ሰው በሩ ይዘጋበታል። ለዚህ ነው የሠራተኛ ማኅበር የሚያስፈልገው፤ ለዚህ ነው የተማርን የምንባለውም አብረን መጠየቅ ያለብን።

ስነሣ ግንበኛው እጄን ይዘው፣ «የአጥርህን ነገር ሰምቻለሁ» አሉኝ እየሳቁ። «ሲፈርስ እኔን ጥራኝ። ግን ዝናቡን አስቀድመን እንነጋገርበታለን።»