አምስት ዋት

የኤሌክትሪክ ጊታር ግማሽ መሣሪያ ነው። ሌላው ግማሽ ጥግ ላይ የተቀመጠው ማጉያ ነው። ተመልካች ዐይኑን በጊታሩ ቅርጽና በተጫዋቹ ጣቶች ላይ ስለሚተክል ይህን ሣጥን ልብ አይለውም። ገዢም ቢሆን ገንዘቡን ለጊታሩ ጨርሶ፣ የተረፈችውን ይዞ ነው ማጉያ ፍለጋ የሚወጣው። እዚያ ደግሞ የሚጠብቀው ቁጥር ነው። መቶ ዋት ከሃምሳ ይበልጣል፣ ሃምሳ ከአምስት ይበልጣል ይሉታል። ሂሳቡ ልክ ነው፤ ሙዚቃው ግን በዚህ ሂሳብ አይሄድም።

ጆሮ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ነውና። አንድ ድምፅ እጥፍ ጎልቶ እንዲሰማን ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ግድም ማደግ አለበት። ስለዚህ 50 ዋት ያለው ማጉያ ባለ5 ዋቱን የሚበልጠው በጩኸት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። በዋጋና በክብደት ግን ስንት እጥፍ እንደሚበልጠው ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ያውቀዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1970 ማያሚ በሚገኘው ክራይቴሪያ ስቱዲዮ ኤሪክ ክላፕተንና ዱዌን ኦልማን «ሌይላ» የተሰኘውን ዘፈን የያዘውን የዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ አልበም ሲቀዱ፣ ከፊታቸው የነበሩት በዚያ ዘመን የሮክ መድረክ ላይ እንደ ግንብ የሚደረደሩት ማጉያዎች አልነበሩም። ፌንደር ቻምፕ የሚባሉ፣ በአንድ እጅ የሚነሡ ትንንሽ ሣጥኖች ነበሩ። ቻምፕ ጀማሪ ተማሪ ጊታር እንዲለማመድባት ተብላ የተሠራች ናት። 5 ዋት፣ ባለ8 ኢንች ስፒከር፤ በቀድሞዎቹ ሥሪቶቿ ላይ ያለው ማዞሪያ አንድ፣ እሱም የድምፅ መጨመሪያው ነው። የውስጧ ነገርም ያው ነው፦ ድምፁን መጀመሪያ የምታነሣ አንድ ትንሽ ቫልቭ፣ ወደ ስፒከሩ የምትገፋ አንድ ትልቅ ቫልቭ፣ ኤሌክትሪኩን የምታቀና ሦስተኛ ቫልቭ። በቃ።

አልበሙን ዛሬ ደግሞ ለሰማው ጊታሮቹ ትልቅ አይደሉም። ጥልቅ ባስ የላቸውም፣ ጣሪያ የሚነካ ጥራትም የላቸውም። መካከሉ ላይ ግን፣ የሰው ድምፅ በሚኖርበት ስፍራ፣ ጭምቅ ብለው ይቆማሉ። ሁለት ጊታሪስቶች በአንድ ዘፈን ላይ ያን ያህል እየተናጠቁ አንዱ ሌላውን ሳይረግጥ የቀረው ከችሎታቸው ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ትንሿ ሣጥን ከታች ያለውን ጉርምርምታ ማውጣት ስለማትችል፣ ያን ቦታ ለባስ ጊታሩና ለከበሮው ትታላቸዋለች። ድህነቷ ለዘፈኑ ሲሳይ ሆነ ማለት ነው።

ኒል ያንግ ደግሞ ነገሩን ወደ ቀልድ ቀይሮታል። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው «ረስት ኔቨር ስሊፕስ» ፊልም መድረኩ ላይ ቤት የሚያካክሉ የማጉያ ሣጥኖች ተገትረው ሙዚቀኞቹ ከሥራቸው ሲርመሰመሱ ሕፃናት ይመስላሉ። ሣጥኖቹ ግን ማስመሰያ ናቸው። የሰውየው የጊታር ድምፅ መሠረት 15 ዋት ግድም ያላት አሮጌ ፌንደር ዴሉክስ ናት። በዋት ለሚመካ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ስድብ አላየሁም።

ምሥጢሩ ያለው ቫልቭ አቅሙ ሲያልቅ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። ትራንዚስተር ከአቅሙ በላይ ሲገፉት የድምፁን ሞገድ ጫፍ እንደ ቢላዋ ይቆርጠዋል፤ ጆሮም ይቆረጣል። ቫልቭ ቀስ በቀስ ነው እጁን የሚሰጠው። ጫፉን ያጎብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ በዚያው መጠን ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ድምፆችን ይወልዳል። ሞገዱን በሙሉ ብቻውን የሚሸከም አንድ የኃይል ቫልቭ ብቻ ሲኖር ደግሞ፣ ከሚወለዱት መካከል ጎልቶ የሚሰማው ከዋናው አንድ ኦክታቭ ከፍ የሚለው ነው። ክሩ የወፈረ፣ ድምፁም ዕድሜ ያገኘ የሚመስለን ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ግን የሚሆነው ማጉያው ሲጨነቅ ብቻ ነው። መቶ ዋቱን ለማስጨነቅ ሰፈር መልቀቅ ያስፈልጋል፤ አምስት ዋቷ ቶሎ ትጨነቃለች።

ድምፅ ሲሻክር ተበላሸ ማለት ነው ብሎ የሚከራከረኝ አይጠፋም። ለእሱ በገናን ልጥራበት። በበገና ክርና ክሩ በሚያርፍበት ብርኩማ መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ክሩ በተመታ ቁጥር ከእሷ ጋር እየተንቀጠቀጠ ያ የምናውቀው ንዝረት ይወጣል። ቆዳዋ ከወጣች ድምፁ ይጠራል፤ በገናው ግን በገናነቱ ይጎድላል። መሰንቆም ቢሆን የፈረሱ ፀጉር እርስ በርሱ ሲፋተግ የሚያሰማው ጭረት ባይኖር ምን ይቀረዋል? የእኛ ጆሮ የሻከረን ቃና ለመውደድ ከአሜሪካ ትምህርት አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ኪስ እንመለስ። የድሮዋ ቻምፕ ዛሬ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆናለች፤ ዋጋዋ ተማሪን የሚያስብ አይደለም። ከ2000ዎቹ ወዲህ ግን የእሷን ሐሳብ በርካሽ ያወጡ ነበሩ። ከሁሉ የምትነሣው ኤፒፎን ቫልቭ ጁኒየር ናት። እሷም 5 ዋት፣ አንድ ማዞሪያ፣ ሁለት ቫልቭ። ዛሬ በአዲስነቷ ባትገኝም ያገለገለች ይሸጣል። ፍርዴን ልስጥ፦ ማዞሪያው እስከ ሩቡ ድረስ ስትሆን ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ግን ልብ የለውም። ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛው ያለው ስፍራ ነው ዕቃዋ የተሠራበት። እዚያ ላይ ፒኩን ለስለስ አድርጎ የመታ ጥራት ያገኛል፣ ጠንከር ያደረገ ሻካራነት ያገኛል። ከዚያ በላይ ግን፣ በተለይ ፒክአፑ ኃይለኛ ከሆነ፣ ኮርድ ሲመታ ሁሉም ድምፅ እንደ ተንተከተከ ሽሮ አንድ ላይ ይቀላቀላል። የመጀመሪያዎቹ ሥሪቶች በጉምጉምታ ይታሙ ነበር፤ ሐሜቱም እውነት ነው።

እነዚህን ማጉያዎች የገዛ ሰው ወዲያው ማሻሻል ያምረዋል። ቫልቩን ይለውጣል፣ ኮንደንሰሩን ይለውጣል፣ በመጨረሻ ከማጉያው ዋጋ በላይ አውጥቶ «ተለወጠ» ይላል። የሰው ጆሮ ገንዘብ የወጣበትን ነገር ለማድነቅ ይቸኩላል። የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ስፒከር ላይ ነው። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር አለ፤ 100 የሚሰጥም አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የማጉያውን ኃይል ዐሥር እጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። ከ8 ኢንቹ ወደ ባለ12 ኢንች ሣጥን ያገናኛት ደግሞ «ይቺ ናት እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። የስፒከሩ ኦም ከማጉያው መውጫ ጋር መግጠም አለበት። ያለ ስፒከር ማስነሣት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ የመውጫው ትራንስፎርመር ይቃጠላል።

ሁለተኛው ነገር ነፃ ነው፤ ጊታሩ ላይ ያሉት ማዞሪያዎች። ብዙዎቹ ጀማሪዎች ጫፍ ድረስ አዙረው ይረሷቸዋል። ማጉያዋን ከፍ አድርጎ የጊታሩን ድምፅ ዝቅ ያደረገ ሰው ንጹሑንም ሻካራውንም በትንሿ ጣቱ ሥር ያገኛቸዋል። ሣጥኗን ከወለል አንሥቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ ወጪ የለውም።

ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ከዋሽንግተን ይዞ ሲመጣ አንድ ጣጣ አለ። የአሜሪካው ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የእኛ ግድግዳ 220 ይሰጣል። ዕድለኛ የሆነ ፊውዝ ብቻ ያቃጥላል። አቅሙ የሚበቃ ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ውስጡን ልክፈተው ለሚል ደግሞ፦ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኮንደንሰሮቹ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉና ለሚያውቅ ሰው ይተወው።

«ትንሽ ናት፣ ጎረቤት አትረብሽም» የሚለውም ማታለያ ነው። በደህና ስፒከር ላይ 5 ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል ይሻገራል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ለዚያ ኑሮ አንድ ዋትም ይበዛል። ከበሮ መቺ ሲመጣ ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል፤ ሻካራው ድምፅ እንደምንም ይሰማል፣ ንጹሑ ግን ይዋጣል። ያን ጊዜ ሌላ ማጉያ ከመግዛት በፊት እንደ ስቱዲዮው ሰዎች ማይክራፎን ፊቷ ማቆም ይሻላል። ከስፒከሩ መካከል ትንሽ ወደ ጠርዝ ፈቀቅ፣ ከጨርቁ አራት ጣት ያህል ራቅ አድርጎ። መካከሉ ላይ ከተደረገ ያፏጫል።