«የለም» የሚል ሪፖርት

የጊኒ ዎርም (ቆዳ ፈንቅሎ የሚወጣ ትል) ቅኝት ላይ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ምንም አልተገኘም የሚለው ሪፖርት ነው። ከጋምቤላው ጎግ ወይም አቦቦ ወረዳ አንድ ቀበሌ ወር በመጣ ቁጥር ዜሮ ሲልክ፣ ቀድሜ የምከፍተው የጭምጭምታ መዝገቡን ነው። ስንት ጭምጭምታ ደረሰ? ስንቱስ በ24 ሰዓት ውስጥ ተጣራ? ብዙ ተወርቶ፣ ሁሉም ተጣርቶ ሌላ ቁስል ሆኖ የተገኘበት ቀበሌ ዜሮው ይታመናል። አንድም ወሬ ያልተመዘገበበት ቀበሌ ግን ያሳስበኛል፤ ምናልባት የጠየቀ የለም።

አጠያየቁም መልሱን ይለውጠዋል። «እዚህ ጊኒ ዎርም አለ?» ሲባል ሰው «የለም» ይላል። የትሉን ሥዕል አሳይቶ «እግሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የወጣበት ሰው ወይም ውሻ አይታችኋል?» የሚል ባለሙያ ሌላ ነገር ይሰማል። ለጠቋሚ የሚሰጠው ሽልማት የሐሰት ጥቆማ ያበዛል እየተባለ ይወቀሳል። ያብዛ! ብዙ የሐሰት ጥቆማ ማጣራት አንድ እውነተኛ ሕመምተኛ ከማጣት ይሻላል፤ የወጣው ትልም ቢሆን በቤተ ሙከራ ሳይረጋገጥ አይመዘገብም።

የቁጥሮቹን ታሪክ ደጋግሜ አስበዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 አቦቦ ውስጥ በአንድ ትልቅ የእርሻ ኢንቨስትመንት የሚሠሩ 15 የቀን ሠራተኞች ከኩሬ በጠጡት ውሃ ምክንያት ታመሙ። በ2018 እና በ2019 በመላው ኢትዮጵያ አንድም ሰው አልታመመም። በ2020 ጋምቤላ ውስጥ 11 ሰው ታመመ። ትሉ ከተበከለ ውሃ ጋር ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ቆዳ ፈንቅሎ እስኪወጣ ከ10 እስከ 14 ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ በ2020 ከታመሙት ብዙዎቹ ትሉን የጠጡት ዜሮ በተመዘገበበት በ2019 መሆን አለበት። ያ ዜሮ ሐሰት አልነበረም፤ የሚመሰክረው ግን ከዓመት በፊት ስለተጠጣው ውሃ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲትን አገር ከበሽታው ነፃ ናት ለማለት ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ዓመት ዜሮ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዜሮ በተመዘገበባቸው በ2018 እና በ2019ም ትሉ ከጋምቤላ አልጠፋም፤ በእንስሳት ላይ እየተገኘ ነበር። የዘርፉ ሊቃውንት ለረዥም ጊዜ ትሉን የሚያዛምተው ሰው ብቻ ነው ይሉ ነበር። ይህን በማለታቸው አልወቅሳቸውም። በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ሲታመም አንድ ውሻ ተይዞ ቢገኝ ከሰው ተጋባበት ማለት ያስኬድ ነበር፤ በዚያ እምነት የተሠራው ሥራም በሽታውን ወደ ጥቂት ሰዎች አወረደው። ችግሩ ማስረጃው ሁሉ የተሰበሰበው የሰው እግር በማየት መሆኑ ነው። ሕሙማኑ ከሚሊዮን ወደ ጥቂት ሲወርዱ፣ ቀድሞ ከቁም ነገር የማይገባው ውሻ ዋናው ጥያቄ ሆነ። ቻድ ውስጥ በ2012 ትሉ በውሾች ላይ ታየ፤ በእኛም ጎግ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ ተገኘ።

ውሻ ባለቤት አለው፤ ይታሰራል፣ እግሩ ይታያል፣ ባለቤቱም ይጠየቃል። ዝንጀሮን ግን ለመመርመር በወጥመድ ይዞ ማደንዘዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘንድሮ በዝንጀሮ ላይ ምንም አልታየም የሚል ሪፖርት ሲመጣ፣ ስንቱ እንደተመረመረና ከየትኛው ጫካ እንደተያዘ ሳልጠይቅ አልፈርምበትም።