ስለ «ፋቡላ»ና ስለ ተመልካች ወንበር

በአዊ ምድር፣ ከእንጅባራ ከተማ አጠገብ፣ ዘንገና የሚባል ክብ ሐይቅ አለ። ዙሪያውን ደን የለበሰ ዳገት ስለ ከበበው፣ በአፋፉ ቆሞ ቍልቍል የሚመለከት ሰው በቲያትር ቤት የተቀመጠ ይመስለዋል። ይህ ስፍራ አንድ ጥያቄ ያሳስባል፤ የመንግሥት ሥራ እንደ ቲያትር በሆነ ጊዜ፣ ሰው በተመልካችነቱ ሊቆይ ይገባዋልን፣ ወይስ ተነሥቶ ሊሄድ?

ለዚህ ጥያቄ የአገራችን የመጀመሪያው የቲያትር ድርሰት ምስክር ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በመስኮብ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ደረሱ። በ1910ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ በመኳንንት ፊት ታየ። ተረቶቹ ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን የተወሰዱ ቢሆኑም፣ በአውሬዎቹ ቆዳ ውስጥ ያሉት የዚህ አገር ሹማምንት ናቸው። የድርሰቱ ብልሃት ይህ ነው፤ ባለሥልጣን አውሬ ሲናገር ሰምቶ አስቀድሞ ይስቃል፤ ቀጥሎ ግን ድምፁ የማን እንደ ሆነ ያስባል።

ንግሥት ዘውዲቱ ቲያትሩን ከለከሉ። በግብር አዳራሽ ግን እያንዳንዱ እንደ ማዕርጉ ይቀመጥ ነበር፤ በሰልፍም ቀን ሕዝቡ ከዳር ቆሞ እልል ይል ነበር። ያ ሁሉ ትርኢት አልተከለከለም። «ፋቡላ» የተለየው ተመልካቹን በእልልታ ፈንታ ፍርድ ስለ ጠየቀው ነው።

እኒሁ ደራሲ የጃፓንን አርአያ ተከትለው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። በዚያ ሕግ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎችን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን አባሎች ግን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ፣ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ ተባለ። መድረኩ ተሠራ፤ ሕዝቡ ግን «እስኪችል ድረስ» ከዳር ተቀመጠ። ረቂቁ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የተጻፈ ነውና ደራሲውን ብቻቸውን አንወቅስም። ነገር ግን በቲያትሩ ተመልካቹን ፈራጅ ያደረገ ብዕር፣ በሕጉ ከወንበሩ አላስነሣውም ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

አንዳንድ ሰው «እንግዲያስ ልሂድ» ብሎ፣ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት መጠጊያ ያደርጋል። ነገር ግን ተነሥቶ የሄደ ሰው ጨዋታውን አያስቀረውም፤ ወንበሩን የሚያጨበጭብ ሌላ ይይዘዋል። ተዋናይ የሚፈራው ባዶ ወንበር ሳይሆን፣ ሳያጨበጭብ አይቶ ያየውን የሚናገረውን ነው። የ«ፋቡላ» መከልከል ይህን አስረድቶናል።

ወደ እንጅባራ ብንመለስ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በዚያ ከዳር ከቆሙት ሽማግሎች ብዙው ትናንት ጋላቢ ነበሩ፤ ከልጆቹም ብዙው ነገ ይጋልባሉ። ስለዚህ እልልታቸው በዕውቀት ነው፤ ኮርቻውን ላላጠበቀ ፈረሰኛ በከንቱ አይሰጥም። እንደዚህ ያለ ተመልካች ስፍራውን ሊለቅ አይገባውም፤ ተራው በደረሰም ጊዜ ልጓሙን ለመያዝ ሊያፍር አይገባውም።