በሳንቲሙ ላይ ያለው መሥመር፦ ስለ ማስተማሪያ ሥዕሎቻችን የቀረበ ሂስ

የታሪክ መምህራን ስለ አክሱም በሚያስተምሩበት ጊዜ የንጉሥ ምስል ያለበትን ሳንቲም በጥቁር ሰሌዳ ወይም በወረቀት ላይ ሥለው ማሳየታቸው የተለመደ ነው። ሥዕሉም ዘወትር የጠራ ነው፤ ክቡ አይጎድልም፣ ፊደሉ አይቆረጥም፣ የንጉሡ ገጽ አይሰነጠቅም። በዚህ ጽሑፍ ሂስ የምናቀርበው በዚሁ ጥራት ላይ ሲሆን፣ ከሂሱም የመጀመሪያው ድርሻ የራሳችን ነው።

በምንሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ለሠልጣኞች የአንድ የአክሱም የነሐስ ሳንቲም ፎቶግራፍ ሰጥተን ያዩትን እንዲያብራሩ ጠይቀን ነበር። በንጉሡ አንገት ላይ አንድ መሥመር አቋርጦ ያልፋል። አንድ ሠልጣኝ «ንጉሡ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ጠላቶቹ ምስሉን በስለት ቆርጠውታል» ሲል ጻፈ። መልሱ ሕይወት ያለው ስለ መሰለን ሙሉ ማርክ ሰጠነው። ለሚቀጥለው ዓመት ባዘጋጀነው ሥዕል ላይ ግን መሥመሩ መልኩን ያበላሻል ብለን ተውነው።

ስሕተታችንን የተረዳነው ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የሳንቲም ፎቶግራፎችን ስናገላብጥ ነው። የዚያኑ ዐይነት ሌላ ሳንቲም አገኘን፤ መሥመሩም እዚያው ቦታ ላይ ነበረ፤ ነገር ግን አጠር ይላል። በስለት የተቆረጠ ቢሆን ኖሮ በሁለት ሳንቲሞች ላይ በአንድ ቦታ ባልተገኘ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንት ጊዜ ሳንቲም የሚመታው ምስሉ ተገልብጦና ጐድጉዶ በተቀረጸባቸው ሁለት ማተሚያዎች ነበር። አንደኛው ከታች ይተከላል፤ ጠፍጣፋው የወርቅ፣ የብር ወይም የነሐስ ቁራጭ በላዩ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ከላይ ተይዞ በመዶሻ ይመታል። ማተሚያው ከብዙ ምት በኋላ ሲሰነጠቅ የሚመታው ቁራጭ ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ፣ በሳንቲሙ ላይ ጐልቶ የወጣ መሥመር ይቀራል። ጭረት ግን ወደ ውስጥ የገባ ነው። ስንጥቁም ውሎ አድሮ ስለሚረዝም፣ አጭሩ መሥመር ያለበት ሳንቲም ቀድሞ፣ ረጅሙ ያለበት ቆይቶ የተመታ መሆኑ ይታወቃል። የተመቱበት ዓመት ላልተጻፈባቸው የአክሱም ሳንቲሞች ይህ ቀላል መረጃ አይደለም።

ሆኖም እንግዳ የመሰለን ሁሉ ጕድለት ነው ማለት አይደለም። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሳንቲም ያስመታው እንዱቢስ በግሪክኛ «የአክሱማውያን» ለማለት ያስጻፈው ቃል የመጨረሻ ፊደሉ ይጎድለዋል። ይኸው አጻጻፍ በተከታዮቹም ነገሥታት ሳንቲሞች ላይ ስለሚደጋገም የመዶሻ ጥፋት ሊሆን አይችልም። በአንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ የሚታየው የወርቅ ቅብም ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በአንጻሩ በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን የግሪክኛው ጽሑፍ እየተበላሸ መሄዱ ቋንቋውን በደንብ ያላወቀ የቀራጭ እጅ ያሳያል፤ ይህም ከመጀመሪያው በማተሚያው ላይ የነበረ እንጂ በኋላ የመጣ ስንጥቅ አይደለም።

ናይሮቢን የጠቀስነው በከንቱ አይደለም። መቀመጫው በዚያ የሆነው የብሪታንያ የምሥራቅ አፍሪካ ኢንስቲትዩት ከ1972 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በኔቪል ቺቲክ መሪነት አክሱም ላይ ቁፋሮ አካሂዷል። ቺቲክ በ1984 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣውን የቁፋሮ ዘገባ ያዘጋጁት ስለ አክሱም ሳንቲሞችም መጽሐፍ የጻፉት ስቱዋርት መንሮ ሄይ ናቸው። አጥኚዎች በብዙ ድካም ከነጉዳቱ የመዘገቡትን እኛ በአንድ የእርሳስ ጭረት ማሳመራችን ተገቢ አይደለም።

ሥዕል አይጠቅምም አንልም፤ የደበዘዘን ፊደል ለማንበብ ይረዳል። ነገር ግን ከፎቶግራፍ ጋር ጎን ለጎን ይቅረብ። ተማሪውም ብርሃኑ ከየት በኩል እንደ መጣ አይቶ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ መሥመሩ ጐልቷል ወይስ ጐድጉዷል? በሌላ ሳንቲም ላይስ ይገኛል? ከተገኘ ከዚህኛው ይረዝማል ወይስ ያጥራል?

ያ ሠልጣኝ ዛሬ መምህር ሆኗል፤ የሰጠነው ማርክ ስሕተት እንደ ነበረም ጽፈንለታል። መልሱ ትክክል ባይሆንም መሥመሩን አይቶ የጠየቀው እሱ ነበር፤ ከሥዕሉ ያጠፋነው ግን እኛ ነን።