መጽሐፉን አባትየው አልጻፉትም

በመምህራን ማሠልጠኛዎች የሚቀርቡትን የጥናት ጽሑፎች ስናገላብጥ አስቀድመን የምንመለከተው የመጨረሻውን ገጽ፣ የዋቢ መጻሕፍቱን ዝርዝር ነው። ተማሪው ምን እንዳነበበ፣ ይልቁንም ምን እንዳላነበበ የሚታየው እዚያ ነው።

በቅርቡ ባየነው አንድ ዝርዝር፣ በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመው የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ «ዘውዴ፣ ባ.» ተብሎ በ«ዘ» ተራ ተቀምጧል። ዘውዴ የደራሲው አባት ናቸው፤ መጽሐፉን ግን አልጻፉትም። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። የተሰጠው መመሪያ ከአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ሥርዓት የተወሰደ ሲሆን የቤተሰብ ስም ይቅደም ይላል። የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ደንቡ መልካም ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ስም ነው። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካ እንኳ ኢትዮጵያውያንን የሚዘረዝረው በራሳቸው ስም ነው። ተክለ ጻድቅ መኩሪያማ «መኩሪያ፣ ተ. ጻ.» ሲባሉ ማን ያውቃቸዋል? ዋቢ የሚያዘጋጁት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችም ካላረሟቸው ይህንኑ ይደግማሉ። የሚያሳዝነው፣ ስሙን በትክክል የጻፈ ተማሪ «መመሪያውን ጥሰሃል» ተብሎ ነጥብ ሲቀነስበት ማየታችን ነው። የኢትዮጵያዊ ስም ሳያጥር፣ ከነአባቱ በተራው ይጻፍ እንላለን።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ጥናት ውስጥ ያለ ምልክት 1958 ተብሎ ከሰፈረ መጽሐፉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያለ ዕድሜው ያረጃል።

ከሁሉ የከፋው ግን ያላዩትን መጽሐፍ መጥቀስ ነው። ተማሪው ከሌላ ሰው የግርጌ ማስታወሻ ይገለብጣል፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ የሳተው የገጽ ቁጥርም ሳይታረም ከአንዱ ወደ ሌላው ይወርዳል። «በእገሌ መጽሐፍ እንደ ተጠቀሰው» ብሎ መጻፍ ምን ያሳፍራል? የግርጌ ማስታወሻ መገልበጫ ሳይሆን መንገድ መሪ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አንዱን ጽሑፍ ይዞ፣ በማስታወሻዎቹ እየተመሩ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ መሄድ ይቻላል።

በዚያው ባየነው ጽሑፍ ውስጥ ግን አንድ የሚመሰገን ነገር አለ። ተማሪው ያነጋገራቸውን ሽማግሌዎች ስም ከነአባት፣ ዕድሜያቸውን፣ ቦታውንና ቀኑን ሳያጓድል መዝግቧል። መመሪያው ስለዚህ አንዳች አይልም።