ያልተሸነፈ ሁሉ አላሸነፈም፦ የሶመርሴት ክሪኬት ቡድን የ2010 የውድድር ዘመን

ሴፕቴምበር 16 ቀን 2010 ምሽት ላይ የእንግሊዝ የካውንቲ ክሪኬት ሻምፒዮና ሠንጠረዥ ሲዘጋ ሁለት ቡድኖች እኩል 214 ነጥብ ይዘው ተገኙ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንዱ ኖቲንግሃምሻየር፣ ሌላው ሶመርሴት ነበር። ዋንጫው ለኖቲንግሃምሻየር ተሰጠ። ሶመርሴት ከአንድ ወር በፊት በሃያ ኦቨር ውድድር ፍጻሜ ከተጋጣሚው ጋር እኩል አስቆጥሮ ዋንጫውን አጥቷል። ከሻምፒዮናው ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በአርባ ኦቨር ውድድር ፍጻሜ ተረታ። በአንድ በጋ ሦስት ውድድሮችን እስከ መጨረሻው ተጉዞ ሦስቱንም በሁለተኛነት ፈጸመ ማለት ነው።

ይህን የውድድር ዘመን የሚያነሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚደርሱበት ፍርድ አንድ ነው፤ ሶመርሴት ዕድል የከዳው ቡድን ነው ይላሉ። ፍርዱ ርኅራኄ ያለበት በመሆኑ ለመቀበል ይቀላል። ነገር ግን ሦስቱ ፍጻሜዎች አንድ በአንድ ሲመረመሩ ዕድል የሚለው ቃል የሚሸፍነው ነገር ከሚገልጠው እንደሚበልጥ ይታያል። ቡድኑን በእውነት ማክበር ማለትም በማዘን ብቻ አልፎ መሄድ ሳይሆን፣ በምን እንደበለጠና በምን እንዳነሰ ለይቶ መናገር ነው።

በናይሮቢ ወይም በካምፓላ የሚኖር አማርኛ አንባቢ ነጭ የለበሱ ተጫዋቾች ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ቆመው ሲውሉ አይቶ ይሆናል። ኬንያ በ2003 የዓለም ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ የነበረውን ደስታም የሚያስታውስ አይጠፋም። ያም ሆኖ ጨዋታው ለብዙዎች እንግዳ ነውና ጥቂት ነገሮችን ማስረዳት ያስፈልጋል። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው ይመታል፤ ሁለቱ መቺዎች በሜዳው መካከል ባሉት ሁለት ጫፎች መካከል እየተመላለሱ ሩጫ ያስቆጥራሉ። የአንድ መቺ መውጣት የዊኬት መውደቅ ይባላል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ነው። የካውንቲ ሻምፒዮና ጨዋታ አራት ቀን ይፈጃል፤ በአራቱ ቀናት ውስጥ የተጋጣሚውን መቺዎች ሁለት ጊዜ አስወጥቶ መጨረስ ያልቻለ ቡድን፣ የቱንም ያህል ብልጫ ቢኖረው፣ ብዙውን ጊዜ በአቻ ውጤት ይለያያል። የሶመርሴት ታሪክ ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ2010 ሁለቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው 16 ጨዋታ አድርገዋል። ኖቲንግሃምሻየር 7 አሸንፎ፣ 5 ተሸንፎ፣ በ4 አቻ ወጣ። ሶመርሴት 6 አሸንፎ፣ በ2 ብቻ ተሸንፎ፣ በ8 አቻ ወጣ። በዚያ ዓመት ለድል 16 ነጥብ፣ ለአቻ 3 ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ ከዚህ ሌላ በመጀመሪያው ዙር ብዙ ሩጫ ላስቆጠረና ብዙ ዊኬት ለጣለ ቡድን ተጨማሪ ነጥብ አለ። በዚህ በተጨማሪው ነጥብ ሶመርሴት 94 ለ90 በልጦ ነበር። ነጥባቸው እኩል ሲሆን ግን ደንቡ የሚጠይቀው ማን ብዙ ጊዜ አሸነፈ የሚለውን ነው።

ደንቡ ያነሱ ሽንፈቶችን ቢያስቀድም ኖሮ ሻምፒዮኑ ሶመርሴት ይሆን ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ደንቡ በደለ የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ አምስት ጊዜ የተረታ ቡድን ሁለት ጊዜ ብቻ ከተረታው እንዴት ይበልጣል? ክርክሩ መልስ ያለው በነጥብ አሰጣጡ ውስጥ ነው። አምስት አቻ ተደምሮ 15 ነጥብ ነበር፤ አንድ ድል እንኳ አያህልም ነበር። ውድድሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለቡድኖቹ የነገራቸው አደጋ ወስዶ ማሸነፍ ተጠንቅቆ ካለመሸነፍ እንደሚበልጥ ነው። ኖቲንግሃምሻየር ይህን በተግባር አሳየ፤ አምስቱ ሽንፈቶች የተከፈለበት ዋጋ ነበሩ።

የመጨረሻው ቀንም ይህንኑ ይመሰክራል። ኖቲንግሃምሻየር በማንችስተር ከላንካሻየር ጋር ሲጫወት ዝናብ ጨዋታውን ሲያቋርጠው ስለሰነበተ ድል የሚታሰብ አልነበረም። ዋንጫውን ለመውሰድ የሚቻለው በተጨማሪ ነጥብ ብቻ ነበር፤ 400 ሩጫ ማስቆጠር፣ ከዚያም ሦስት ዊኬት መጣል። አውስትራሊያዊው አዳም ቮግስ ከመቶ በላይ አስቆጠረ፤ ሳሚት ፓቴል አገዘው፤ 400 ሲሞላ ቡድኑ መምታቱን አቁሞ ለመወርወር ወጣ። አምስት ኦቨር ሳይሞላ ሦስተኛው ዊኬት ወደቀ። ከወርዋሪዎቹ ግንባር ቀደሙ ኒውዚላንዳዊው አንድሬ አዳምስ ነበር፤ በዚያ የውድድር ዘመን በሻምፒዮናው 68 ዊኬት ጥሏል። በዚያው ቀን ሶመርሴት ከደርሃም ጋር አቻ ወጣ። ስምንተኛው አቻ ነበር።

የሃያ ኦቨሩ ፍጻሜ ከዚህ ይልቅ ልብ ይሰብራል። ኦገስት 14 ቀን በሳውዝሃምፕተን አቅራቢያ በሚገኘው ሮዝ ቦውል በተባለው ሜዳ፣ ሶመርሴት ከባለሜዳው ከሃምፕሻየር ጋር ተገናኘ። ሶመርሴት በ6 ዊኬት 173 አስቆጠረ። ኃይለኛው የትሪኒዳድ ተወላጅ ኪሮን ፖላርድ ከዶሚኒክ ኮርክ የተወረወረ ኳስ በራስ ቁሩ ክፍተት ገብቶ ዓይኑ አጠገብ ስለመታው ከሜዳ ወጣ። ሃምፕሻየር የመጨረሻው ኳስ ሲቀረው አንድ ሩጫ ብቻ ይፈልግ ነበር፤ ነጥቡ እኩል ከሆነ ያነሰ ዊኬት ያጣው ቡድን ያሸንፋልና። ተመቺው ዳን ክርስቲያን ጭኑ ላይ ጡንቻው ስለተጎዳ በእርሱ ምትክ የሚሮጥለት ሰው ቆሞለታል። ኳሱ እግሩ ላይ አረፈ፤ ሯጮቹ ተነሡ፤ ክርስቲያንም ጉዳቱን ረስቶ አብሮ ሮጠ።

በሕጉ መሠረት ሯጭ የቆመለት መቺ ከቦታው መነቃነቅ የለበትም። ከመሥመሩ ከወጣ፣ ተጋጣሚዎቹ እርሱ ትቶት በሄደው ጫፍ ያለውን ዊኬት በኳስ ጥለው ዳኛውን ቢጠይቁ መቺው ይወጣ ነበር፤ ሩጫውም አይቆጠርም ነበር። ከሶመርሴት አሥራ አንድ ተጫዋቾች ይህን ያደረገ አልተገኘም። ሃምፕሻየር በ5 ዊኬት 173 ሆኖ ዋንጫውን አነሣ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገራችን ሰው። ዋንጫው እጃቸው ላይ የነበረው በጉልበት ወይም በቅልጥፍና ሳይሆን ሁሉም ሊያውቁት በሚገባ አንድ የሕግ አንቀጽ ነበር። እርግጥ ነው፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሚጮኽበት ምሽት በቅጽበት ሕግ ማስታወስ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ይህን ዕድል ማለት ለዕድል ያልሠራችውን ሥራ መስጠት ነው።

በዚያው ዕለት ቀደም ብሎ የሆነውም መዘንጋት የለበትም። ሶመርሴት ለፍጻሜ የበቃው በግማሽ ፍጻሜው ራሱን ኖቲንግሃምሻየርን በ3 ሩጫ ልዩነት ረትቶ ሲሆን፣ ውጤቱ የተወሰነው ዝናብ ላቋረጠው ጨዋታ በሚሠራበት የዳክወርዝና ሉዊስ ስሌት ነበር። ዝናብና ስሌት ቀደም ብለው ለሶመርሴት ቆመው ከነበረ፣ ማታ የመጣውን ብቻ ነቅሶ ዕድል ከዳን ማለት ሚዛን ይጎድለዋል።

ሦስተኛው ፍጻሜ ግን ምንም ማመካኛ የለውም። ሴፕቴምበር 18 ቀን በለንደን ሎርድስ ሜዳ ሶመርሴት በ199 ሩጫ ሁሉም መቺዎቹ ወጡበት። ኳስ እያሽከረከረ የሚወረውረው ኢምራን ታሂር ብቻውን አምስቱን ጣለ። ለዋሪክሻየር አምበሉ ኢያን ቤል 107 አስቆጥሮ ቡድኑን በሦስት ዊኬት ለድል አበቃ። ከሁለት ቀን በፊት ሻምፒዮናው ከእጃቸው ያመለጣቸው ተጫዋቾች ምን ተሰምቷቸው እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ የሠንጠረዡ ቁጥር ግን ይህን አይመዘግብም።

ተጫዋቾቹ በግል ሲመዘኑ ውጤቱ ሌላ መልክ አለው። ጄምስ ሂልድሬዝ በሻምፒዮናው ሰባት ጊዜ መቶና ከዚያ በላይ አስቆጠረ፤ ይህን ያህል ያበረከተ መቺ እስከ ጡረታው ድረስ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አንድም ጊዜ አለመሰለፉ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። አምበሉ ማርከስ ትሬስኮቲክ በ2008 በመንፈስ ጭንቀት ምክንያት ከብሔራዊ ቡድኑ ራሱን ካገለለ በኋላ፣ ለሶመርሴት ብቻ እየተጫወተ ከአንድ ሺህ ሩጫ በላይ አስቆጠረ። ክሬግ ኪዝዌተር በግንቦት በባርቤዶስ እንግሊዝ የሃያ ኦቨር የዓለም ዋንጫ ስታነሣ የፍጻሜው ኮከብ ሆኖ የተመለሰ ወጣት ነበር። ገና ሃያ ዓመት የሞላው ጆስ ባትለር፣ ከ12 ዓመት በኋላ የእንግሊዝ አምበል ሆኖ ያንኑ ዋንጫ የሚያነሣ ሰው፣ በዚያ በጋ ጎልቶ መታየት ጀመረ።

ደቡብ አፍሪካውያኑ አልፎንሶ ቶማስና ቻርል ዊሎቢ፣ ሕንዳዊው ሙራሊ ካርቲክም ውርወራውን ተሸክመዋል። ነገር ግን የቡድኑ ሚዛን ወደ መቺዎቹ ያደላ ነበር። ለዚህም መንደርደሪያው የቶንተን ሜዳ ነው። ሜዳው በእነዚያ ዓመታት ለመቺ የሚያደላ፣ ወርዋሪን የሚያደክም ተብሎ የታወቀ ነበር። ተመልካች ከፍ ያለ ሩጫ አይቶ ተደስቶ ይመለሳል፤ መቺውም መቶውን ይደረድራል፤ አራተኛው ቀን ሲመሽ ግን ሃያ ዊኬት አልወደቀም። 8 አቻ ከየት መጣ ለሚል ጠያቂ፣ ከዝናቡ ጎን የሚቀመጥ መልስ ይህ ነው። የሂልድሬዝ ሰባት መቶዎችና የጠፋው አንድ ድል ከአንድ መሬት የበቀሉ ናቸው።

ክለቡ ራሱ ይህን ሳይረዳው አልቀረም። በኋለኞቹ ዓመታት የቶንተን መሬት ኳስ ለሚያሽከረክሩ ወርዋሪዎች፣ ለእነ ጃክ ሊችና ዶም ቤስ፣ የሚመች ሆነ፤ ድልም በዛ። በ2012፣ በ2016፣ በ2018 እና በ2019 ሶመርሴት እንደገና ሁለተኛ ወጣ። በ2019 የመጨረሻው ጨዋታ ከኤሴክስ ጋር የተካሄደበት መሬት ከልክ በላይ ለወርዋሪ አደላ ተብሎ ክለቡ የነጥብ ቅጣት ደረሰበት። ከአንዱ ጽንፍ ሸሽቶ ሌላው ጽንፍ ላይ መውደቅ ማለት ይህ ነው። እንዲያም ሆኖ ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የሚሻልበት ነገር አለው፤ ቢያንስ የተሠራው ለማሸነፍ ነበር።

ሶመርሴት ወደ ሻምፒዮናው የገባው በ1891 ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ 2025 የውድድር ዘመን ፍጻሜ ድረስ ይህን ዋንጫ አንሥቶ አያውቅም። የሃያ ኦቨሩን ዋንጫ በ2005፣ በ2023 እና በ2025፣ የአንድ ቀኑን ዋንጫ በ2019 ወስዷል፤ የአራቱ ቀን ጨዋታ ዘውድ ግን አሁንም ይጠብቀዋል። በመሆኑም በ2010 የጠፋው አንድ ድል እንዲሁ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም። ከስምንቱ አቻዎች አንዱ ወደ ድል ተለውጦ ቢሆን ኖሮ በማንችስተር የወደቀው ሦስተኛ ዊኬት ለማንም ትርጉም አይኖረውም ነበር።

ስለዚህ የ2010 ሶመርሴት ደካማ ቡድን አልነበረም፤ በሦስት ውድድር ፍጻሜ ላይ የቆመን ቡድን ደካማ የሚል የለም። ምስኪንም አልነበረም። ለመሸነፍ የከበደ፣ ለማሸነፍ ግን የሚጣደፍበት ጉልበት የጎደለው ቡድን ነበር። ይህ ፍርድ ከአዘኔታው ይልቅ ይከብዳል፤ ግን ቡድኑን እንደ ሙሉ ሰው ያያል፤ ሥራው በእጁ ነበር ይላልና።

ትሬስኮቲክ በ2019፣ በ43 ዓመቱ፣ ከ27 የውድድር ዘመን በኋላ ተሰናበተ። ያ የመጨረሻ ጨዋታ በቶንተን በአቻ ሲያልቅና ኤሴክስ ዋንጫውን ሲወስድ፣ እርሱ በተለዋጭነት ለጥቂት ደቂቃዎች ሜዳ ገብቶ በመጀመሪያው ተንሸራታች ቦታ፣ ከመቺው በስተኋላ፣ ቆሞ ነበር። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። በ2010 በአምበልነቱ የመጀመሪያ ዓመት በእኩል ነጥብ ያመለጠውን ዋንጫ ሳይነካ ከሜዳው ወጣ።